ስም ያልተጠራበት ጥሩምባ

አሥር አለቃ ኢያሱ የሰፈራችን እድር ለፋፊ ነበር። ሰው ሲሞት፣ ገና ሰማዩ ሳይገለጥ፣ በጨርቅ የጠቀለለውን ጥሩምባ ይዞ ይወጣና ሦስት ጊዜ ይነፋል። ከዚያ የሟቹን ስም ይጠራል፤ ከስሙ በኋላ የቀብሩን ሰዓት ይናገራል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን ቅደም ተከተል ያዛነፈው አንድ ቀን ብቻ ነው። ያንን ቀን ያመጣሁበት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ታሪኩን መጻፍ ያለብኝም እኔ ነኝ።

ወደ ከተማችን ወደ ነገሌ የመጣው በወታደርነት ነው። በጦሩ ውስጥ ሥራው ጥሩምባ መንፋት ነበር፤ ጠዋት ሠራዊቱን ይቀሰቅሳል፣ ማታ ያስተኛል። በ1983 ጦሩ ሲበተን ጓደኞቹ ወደ ኬንያ ድንበር ሲነጉዱ እሱ ወባ ጥሎት መንገድ ዳር ቀረ። በዚያ ሰዓት ወታደር የሚያስጠጋ ሰው አልነበረም። በሩን ከፍቶ ያስገባው የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኛ አቶ ኃይለመስቀል ነው። የደንብ ልብሱን አስወልቆ ጉድጓድ ውስጥ ቀበረለትና የራሱን ሱሪ አለበሰው። ሱሪው ስላጠረው ቁርጭምጭሚቱ ሁሉ ይታይ ነበር ይባላል። ኢያሱ ከጦሩ ያስቀረው ጥሩምባውን ብቻ ነው። ኃይለመስቀል ለትምህርት ቤታችን ዘበኝነት አስቀጠረው፤ እድር ሲቋቋምም "ሰውየው መለከቱን ይዞ ነው የመጣው፣ ሌላ ምን እንፈልጋለን?" ብሎ ለፋፊ አስደረገው። እኛም እናሾፍበት ነበር፤ "ኢያሱ ኢያሪኮን በጥሩምባ አፈረሰ፣ የኛው ኢያሱ ደግሞ ሰፈሩን አስለቅሶ ጨረሰ" እንለዋለን። እሱ አይስቅም፣ አይቆጣምም። በዕድሜ ይበልጠኛል፤ ነገር ግን መምህር ስለሆንኩ አንቱ ከማለት ወርዶ አያውቅም።

በ2009 እዚህ ጋና የሚባለው የበልግ ዝናብ ዘግይቶ መጣ፤ ሲመጣም ጎርፍ ሆኖ መጣ። ጎርፉ ከሜዳው ያገኘውን ሁሉ ጠርጎ ኩሬ ውስጥ ጨመረው፤ እኛ ደግሞ ከኩሬው እየቀዳን ጠጣነው። አተት ገባ የሚለው ወሬ የተሰማው በፊልቱ መንገድ በኩል ነው። ብዙም ሳይቆይ በከተማው ማዶ ሰው ሞተ። አስከሬኑ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ አፋቸውን በሸፈኑ ሰዎች፣ ዘመድ ሳይነካው ተቀበረ ተባለ። ከበሽታው ይልቅ ሰፈሩን ያስደነገጠው ይህ ነው። ሰው መሞቱን ያውቀዋል፤ ሳይታጠብና ሳይገነዝ መሄድን ግን ማን ለምዶት?

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛችን ዲንኪቱ በዚያ ሰሞን ወደ እድሩ ኮሚቴ መጣች። ገና ልጅ እግር ነበረች፤ ጫማዋ በጭቃ ተለውሷል።

"አካም፣ ናጋ ናችሁ?" አለች፤ ሳትቀመጥም ቀጠለች። "አንቱ መምህር፣ ስብሰባ ብዬ ብጠራ ሰው አይመጣም። ውሃው እንዴት እንደሚታከም፣ በሽተኛ እንዴት እንደሚያዝ አንዴ ሰብስቤ ልንገራቸው። እናንተ ከጠራችሁ ይመጣሉ።"

እኔ የእድሩ ጸሐፊ ነኝ፤ ጸሐፊ ደግሞ ሐሳብ ካላመጣ ጸሐፊ የሆነ አይመስለውም። "ጥሩምባ አለን አይደል እንዴ? በጠዋት ይነፋና ሁሉም ይሰማል" አልኩ።

አሥር አለቃ ከበሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። "መምህር፣ ይሄ ጥሩምባ አንድ ቃል ብቻ ነው የሚያውቀው" አለኝ።

"ጥሩምባ ምን ቃል አለው? ድምፅ ነው እንጂ" አልኩት፤ ማስታወቂያውንም በእጄ ጽፌ ሰጠሁት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። በዚያ ቀን ወረቀቱም ሞኙም እኔ ዘንድ ነበሩ።

በማግስቱ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል፣ ሦስቱ የሰፈሩ መንገዶች ከሚገናኙበት ግራር ሥር ቆመ። ሁልጊዜ የሚጀምረው ከዚያ ነው፤ ድምፅ ወደ ሁሉም ይደርሳል። ግራሩ ያለው ኃይለመስቀል በር ላይ ነው። ከኃይለመስቀል ቀጥሎ የባለሱቁ የዓብዱልሀኪምና የሚስቱ የሀሚዳ ግቢ አለ፤ ሁለቱን ግቢዎች የሚለየው ቆርቆሮ ሴቶቹ የሚተላለፉበት ክፍተት ነበረው። ኃይለመስቀል ከፊልቱ ከተመለሰ ወዲህ ታሟል፣ ስኳሩ ተነስቶበታል ሲባል ሰምተናል።

አሥር አለቃ ሦስት ጊዜ ነፋ።

የሆነውን በዓይኔ አይቻለሁ። ስም እስኪጠራ የጠበቀ ሰው የለም። በሮቹ ተራ በተራ ተከፈቱ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ጋቢያቸውን እየሳቡ ወደ ግራሩ ጎረፉ። "ማን ነው? ማን ነው የሞተው?" ይላሉ። አንዳንዷ ስሙን ሳታውቅ ማልቀስ ጀምራለች። አሥር አለቃ ወረቀቱን ወደ ዓይኑ ቢያስጠጋው ገና ጨለማ ስለነበር አልተነበበለትም። ሲጨንቀው፣ ጦር ሜዳ ላይ እንዳለ ሰው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣

"ማንም አልሞተም! ሰው አልሞተም፣ ስብሰባ ነው!" አለ።

ከፊሉ ሳቀ፣ ከፊሉ ተሳደበ። አንዲት ባልቴት ግን ነጠላዋን ሳታስተካክል ቆማ፣ "ስም ያልተጠራበት ጥሩምባ ስም ይፈልጋል" አለችና ወደ ቤቷ ገባች። ስብሰባው ላይ የመጣው ሰው ዘጠኝ ነው፤ ሦስቱ ኮሚቴዎች ነን።

እኩለ ቀን ላይ ከኃይለመስቀል ቤት ጩኸት ተሰማ።

ስንደርስ ሚስቱ ወይዘሮ ሮማነወርቅ ፀጉሯን ነጭታ፣ ደረቷን እየደቃች ትጮህ ነበር። ስኳሩ ነው የገደለው አለች። ቤቱ ታጥቧል፣ አንሶላው ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቷል፤ ማንም ምንም አልጠረጠረም። ቄስ ተጠራ፣ ተገነዘ፣ ፍትሐት ተደረሰ፣ ድንኳን ተተከለ። ለቅሶ ላይ ሰው እንደሚያደርገው የመጨረሻ ሰዓቱን ጠየቋት። እሷም እንዲህ ብላ ተናገረች፤

"ጠዋት ጥሩምባው ሲነፋ ቀና አለና 'ለማን ነው?' አለኝ። 'እኔ እንጃ' አልኩት። 'ለኔ ነው' ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ከዚያ በኋላ አልተናገረም።"

አሥር አለቃ ይህ ሲነገር የድንኳኑን ገመድ ካስማ ላይ እያሰረ ነበር። እጁ ገመዱ ላይ እንዳለ ቀረ። ሌላ ሰው መጥቶ እስኪያስርለት ድረስ አልተንቀሳቀሰም። በዚያ ሰዓት "ንፋ ያልኩት እኔ ነኝ፣ እሱ እምቢ ብሎ ነበር" ማለት ነበረብኝ። ሰው ሁሉ እሱን ሲያይ እኔ ጫማዬን አየሁ። ፈሪ ነበርኩ፣ ሌላ ስም የለውም።

በሦስተኛው ቀን ሀሚዳ ሞተች። ጎረቤቷ ሲጨነቅ ስትሮጥ የኖረች፣ ሳቂታ ሴት ነበረች። ማታ ጀምሯት ጠዋት ዓይኖቿ ጎድጉደው፣ ዓብዱልሀኪም ጋሪ ፈልጎ እስኪመለስ አለፈች። ከሷ በኋላ ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ከበሉት መካከል ሌሎች ተኙ። በሰፈራችን አራት ሰው ቀበርን። ለሀሚዳ ጥሩምባ አልተነፋም፤ አሥር አለቃ ያንን ጥሩምባ በጨርቁ ጠቅልሎ ከግድግዳው ምስማር ላይ ሰቅሎታል። እድሩ ከዚያ ወዲህ በስልክ መልእክት መጥራት ጀመረ።

ሁለተኛውም ሐሳብ የእኔ ነበር። የእድሩን ድንኳን ለበሽተኞች ማቆያ እንስጥ አልኩ። ሰጠን፤ ተተከለ። ሰዎች ግን "በቁሜ የለቅሶ ድንኳን ውስጥ አልገባም" እያሉ በሽተኛቸውን ወደ ኋላ ይመልሱ ነበር። እንዲህ ዓይነት ስህተት የሚሠራው ከሰው መሃል እየኖረ ሰውን የማያውቅ የተማረ ሰው ነው።

አሥር አለቃ በበኩሉ ዲንኪቱ የምትሰጠውን የውሃ ማከሚያ በፌስታል ይዞ በእግሩ ከቤት ቤት ዞረ። ጥሩምባ የለው፣ ድምፅ የለው፤ ቀስ ብሎ ያንኳኳል። ማን እንደሆነ ሲያዩ በሩን አይከፍቱለትም። ኢያሱ በር ላይ የቆመ እንደሆነ ከቤቱ ስም ይዞ ይሄዳል የሚል ወሬ ተነስቶ ነበር። ፌስታሉን ከበሩ ሥር አስቀምጦ ይሄዳል፤ ሲርቅ ይወስዱታል። በሽተኞቹን ግን አላወጡለትም።

በሽታው አለፈ። ዓመቱም አለፈ። አሥር አለቃ ግን አልዳነም፣ ይህን የማውቀው እኔ ነኝ፤ በትምህርት ቤቱ በር በየጠዋቱ እንገናኛለን። አንድ ቀን ዓይኑ ቀልቶ አገኘሁትና "አልተኛህም እንዴ?" አልኩት።

"እተኛለሁ፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል ይቀሰቅሰኛል" አለ።

"ማን?"

"ኃይሌ ነዋ። 'ለማን ነው?' ይለኛል። ሌላ ነገር አይናገርም። በየቀኑ ነው መምህር። ደግሞ ድምፁ ቀጥኗል፤ ኃይሌ እንደሚያውቁት ድምፀ ጎርናና ነበር፣ በሽታው ነው መሰለኝ ያቀጠነው።" ቀጥሎም፣ "ከሞት ያወጣኝን ሰው ነው በገዛ ጥሩምባዬ የጠራሁት" አለ።

ያን ጊዜም "እኔ ነኝ" ማለት ነበረብኝ። "ለንስሐ አባትህ ንገር" ብዬው ደወል ሊደወል ነው ብዬ ገባሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነበርን። እሱ በራፉ ላይ የሞተ ሰው ሲያነጋግረው ያድራል፣ እኔ ክፍል ውስጥ ሰዋስው አስተምራለሁ። ወይዘሮ ሮማነወርቅ መንገድ ላይ ስታገኘው ትሰግድለታለች ማለት ይቀላል፤ እጁን ይዛ ትስመዋለች፣ በየበዓሉ ምግብ ትልክለታለች። ሰፈሩ "ባሏን ያስገደለባትን ሰው እንዲህ ይቅር የምትል ምን ዓይነት ሴት ናት" ይል ነበር። እኔም አደንቃት ነበር።

በ2015 ድርቁ ሦስት ዓመት ከርሞ፣ ከብቱ አልቆ፣ ሰው ውሃ የሚባል ነገር ከየትም ቀድቶ መጠጣት ሲጀምር ኮሌራ መጣ። ያን ጊዜ አተት ያሉትን አሁን በስሙ በግልጽ ይጠሩታል። ሰፈሩ ግን ያው ሰፈር ነው፤ በሮች ተዘጉ። ጠዋት ጠዋት በየግቢው የታጠበ አንሶላ ተሰጥቶ ይታያል፣ "ቤት ደህና ነው?" ስትል "ደህና፣ ናጋ" ይሉሃል። ዲንኪቱ አሁን ኃላፊ ሆናለች፣ ሁለት ልጆች አሏት። በእድሩ የወር ስብሰባ መጥታ ቆመች።

"ማቆያው ባዶ ነው" አለች። "መድኃኒቱ አለ፣ የሚንጠለጠለው ግሉኮስ አለ፣ ሰው ነው የሌለው። ቤት ውስጥ ደብቃችሁ ሲያበቃለት ነው የምታመጡልኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብዬ ስድስት ዓመት ጮህኩ። ከዚህ በላይ ምን ልበላችሁ? አባቶቼ ናችሁ፣ እናቶቼ ናችሁ። አንቱታው አልጠፋኝም፤ ግን ተናድጃለሁ።"

አሥር አለቃ እንደ ልማዱ በሩ አጠገብ ነበር። ዓብዱልሀኪም ፊት ለፊት ተቀምጧል። ያን ጊዜ ወይዘሮ ሮማነወርቅ ከሴቶቹ መሃል ተነሳች። ምርቃት ልታሰማ መስሎኝ ብዕሬን አስቀመጥኩ።

"ኃይለመስቀልን የገደለው ስኳር አይደለም" አለች። "አተት ነው። የሞተውም ቀን አይደለም፤ ሌሊቱን ነው። ጥሩምባው ሲነፋ በድን ሆኖ አጠገቤ ተኝቷል።"

ከጎኗ የነበረችው ሴት ቀሚሷን ይዛ ልታስቀምጣት ሞከረች፤ እጇን አስለቀቀቻት።

"በላስቲክ ጠቅልለው እንዳይወስዱብኝ ፈራሁ። ሠላሳ ዓመት አብሬው ኖሬ፣ ሳይታጠብ፣ ሳይገነዝ... አልቻልኩም። እስከ እኩለ ቀን አጥቤ፣ ቤቱን አጽድቼ፣ ከዚያ ጮህኩ። 'ለማን ነው አለኝ' ያልኳችሁም ውሸት ነው። ጠዋት በሕይወት ነበር እንድትሉልኝ ነው ያልኩት። አሥር አለቃ፣ ያንን ውሸት አንተ ተሸክመህ እንደምትኖር አውቃለሁ። እያወቅሁ ስድስት ዓመት ምግብ ላኩልህ።"

አሥር አለቃ ከግድግዳው ተላቆ ወደ መሃል መጣ። የተቆጣ አይመስልም፤ መንገድ የጠፋበት ሰው ይመስላል።

"ታዲያ" አለ፣ "በየጠዋቱ 'ለማን ነው' የሚለኝ ማን ነው? ሰምቼዋለሁ እኮ እትዬ ሮማን። ያን ዕለት ጠዋት፣ ሰው ሲንጫጫ፣ በጆሮዬ የሰማሁት ነው።"

ወይዘሮ ሮማነወርቅ ወደ ዓብዱልሀኪም ዞረች፤ ከዚያ በኋላ የተናገረችው ለሱ ነው።

"ሀሚዳ ናት። ጥሩምባውን ስትሰማ በቆርቆሮው ክፍተት አንገቷን አስገብታ 'ለማን ነው?' አለችኝ። እኔም 'ለማንም አይደለም፣ ስብሰባ ነው፣ ይልቅ ኃይሌ ሲያስመልሰው አድሮ ገና እንቅልፍ ወስዶታል፣ አንሶላውን እጠቢልኝ' አልኳት። መሞቱን አልነገርኳትም። ባወቀች ትጠነቀቅ ነበር። እስከ ረፋድ በባዶ እጇ ስታጥብልኝ ነበር።"

ዓብዱልሀኪም ተነስቶ ወደ በሩ ሄደ። የሚወጣ መስሎን መንገድ ለቀቅንለት። በሩ ላይ ሲደርስ ግን ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ። ሲዞር ፊቱ የሌላ ሰው ሆኗል።

"ስትሄድ ቁርሷን አልበላችም" አለ። "'ጎረቤቴ ተጨንቃለች' ብላኝ ነው የሄደችው።" ወይዘሮ ሮማነወርቅን አላያትም፣ አልሰደባትም። እኛን ነው ያየው። "እኔ ለዚች ሴት የምላት ነገር የለኝም፣ አላህ የሚላትን ይበላት። እናንተን ግን ልጠይቅ። ዛሬ ቤቱ በሽተኛ የደበቀ አለ? ነገ በአጥራችሁ በኩል አንገቷን አስገብታ የምትጠይቅ ጎረቤት የላችሁም?"

ከኋላ ወንበር ላይ ኦላና የሚባል ጋሪ ነጂ ቀስ ብሎ ተነሳ። "ኢንተለ ኮ" አለ፣ ልጄ ማለቱ ነው፤ "ከትናንት ጀምሮ ነው" ብሎ ማልቀስ ጀመረ። ዲንኪቱ ቦርሳዋን ይዛ ሮጠች። እሷ ሳትወጣ ሌላ ሰው ተነሳ፣ ከዚያ አንዲት ሴት። ስብሰባውን ማን እንደዘጋው አላስታውስም፤ ቃለ ጉባኤም አልያዝኩም። የኦላና ልጅ ዳነች። ሁሉም አልዳኑም።

ከአዳራሹ ስንወጣ አሥር አለቃን ተከትዬ ክንዱን ያዝኩት። "ያን ዕለት ንፋ ያልኩህ እኔ ነኝ። ለማንም አልተናገርኩም" አልኩት።

"አውቃለሁ መምህር፤ ወረቀቱ በእጅዎ የተጻፈ ነበር" አለኝ። ከደረት ኪሱ ውስጥ አወጣው። ታጥፎ ታጥፎ መታጠፊያው ሊበጠስ ደርሷል። ስድስት ዓመት በኪሱ ይዞት ሲዞር ለአንድ ሰው እንኳ አላሳየውም። መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ።

በማግስቱ ጠዋት፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል፣ ጥሩምባ ሰማሁ። ድምፁ ዝጓል፤ ሦስተኛው ላይ ተሰነጠቀ። ጋቢዬን ይዤ ወጣሁ። ሰዎች በየበራቸው ቆመዋል፤ ወደ ግራሩ የሮጠ ግን የለም። አሥር አለቃ ኢያሱ እንደ ድሮው ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሰፈሩ ሁሉ እየሰማ፣ "አቶ ኃይለመስቀል አርፈዋል" አለ። የቀብር ሰዓት አልተናገረም። ወይዘሮ ሮማነወርቅ በሯን ተደግፋ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነበር።

ከዚያ ጥሩምባውን በጨርቁ ጠቀለለና ወደ ዓብዱልሀኪም ግቢ ተራመደ። ዓብዱልሀኪም በሩ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ቦታ ለቀቀለት። አሥር አለቃ አልፎት ገባና ሁለቱን ግቢዎች የሚለየው ቆርቆሮ ጋ ሲደርስ ወደ ክፍተቱ ጎንበስ አለ። እኔ ከውጭ ነበርኩ፤ ድምፁ ግን ይሰማኛል። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ እንደዚያ ለስልሶ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

"ለኃይለመስቀል ነው ሀሚዳ" አለ። "በአተት ነው። አትግቢ።"